ጀበናው እና የክፍሉ በር

ባለፈው ጥር ጅማ በገባሁ ጊዜ፣ ከአገር ከመውጣቴ በፊት 9 ዓመት ያስተማርኩበትን የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ጎበኘሁ። በእረፍት ሰዓት የመምህራኑ ማረፊያ ክፍል እንደ ድሮው ነው፤ ጀበናው ተጥዷል፣ ነጭ ጋውኖች ወንበር ላይ ተጥለዋል፣ የእቁብ ሰብሳቢዋ ደብተሯን ይዛ ትዞራለች። የአንድ መምህር እናት መታመማቸው በመሰማቱ፣ ማን በባጃጅ ጅሬን ድረስ ሄዶ እንደሚጠይቃቸውና የልጃቸውን ክፍለ ጊዜ ማን እንደሚሸፍን ደወሉ ሳይደወል ተወሰነ።

በረዳት መምህርነት በምሠራበት በሚኒያፖሊስ ይህ የለም። አባቴ ባረፉ ጊዜ ፈቃዴ በኮምፒዩተር ተሞላ፣ ተተኪ ተመደበ፤ ስመለስ ሁሉም የፈረሙበት ካርድ ጠበቀኝ እንጂ ለቅሶ የደረሰኝ አልነበረም። በክፋት አይመስለኝም።

ወደ ሥራው ስንመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በሚኒያፖሊስ የአንድ ክፍል ደረጃ መምህራን በየሳምንቱ የልጆቹን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ «ክፍልፋይ አልገባቸውም፤ አንቺ እንዴት አስተማርሽው?» ይባባላሉ፤ 20 ዓመት ያስተማረችው ጀማሪዋን ብትጠይቅ ማንም አይገረምም። (ሁሉ ሰላም ነው ማለቴ አይደለም፤ በ2014 የካቲት መጨረሻ የከተማዋ መምህራንና ረዳቶች ከሁለት ሳምንት በላይ ሥራ ሲያቆሙ፣ ከጥያቄዎቹ አንዱ የእኛ የረዳቶቹ ደሞዝ ማነስ ነበር።)

በእኛም ዘንድ ደንቡ አልጠፋም። ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ የሚባለው የመምህራን ራስን ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ይጠይቃል፤ የእርስ በርስ የክፍል ምልከታም አለ። ነገር ግን በ9 ዓመት ውስጥ ባልደረባዬ ክፍሌ ገብታ የተቀመጠችው ቅጽ የሚሞላ ሲሆን ብቻ ነው፤ ነጥቡ ከደረጃ ዕድገት ጋር ስለሚያያዝ፣ ከጀማሪ ወደ መለስተኛ መምህርነት ለመሻገር ለምትጠብቅ ጓደኛ ዝቅተኛ ነጥብ የሚሰጥ የለም፤ በመሆኑም ሁላችንም ለሁላችንም «በጣም ጥሩ» ነበርን። ድክመትን በግልጽ የተናገረ ወይ ምቀኛ ይባላል፣ ወይ የርዕሰ መምህሩ ጆሮ። በልቅሶና በእቁብ አንድ ቤተሰብ የሆንን ሰዎች፣ አንድ ልጅ ለምን ማንበብ እንዳቃተው ለመነጋገር እንፈራራ ነበር፤ እንዲያውም የምፈራው ያንኑ ፍቅር እንዳላጣ ይመስለኛል።

ሦስተኛው ቡና ሳይቀዳ፣ ከእኔ ጋር በአንድ ዓመት የተቀጠረችውን የሦስተኛ ክፍል መምህርት «ከኋላ ተቀምጬ ስታስተምሪ ልይሽ?» አልኳት። ሳቀች፤ ሲኒዋን አስቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና፣ «ምነው፣ ምን ሰምተሽ ነው?» አለችኝ።