ማስተካከያ፦ 70 ሲሞላ መንጃ ፈቃድ አይነጠቅም

ባለፈው ብሪታንያ ውስጥ ሰው 70 ዓመት ሲሞላው መንጃ ፈቃዱን መመለስ ወይ እንደገና መፈተን ግዴታ ነው ብዬ የጻፍኩት ስህተት ነው። የማስተካክለው የመንግስት የመንጃ ፈቃድ መስሪያ ቤቱን (ዲቪኤልኤ) መመሪያ አይቼ ነው።

ትክክለኛው እንዲህ ነው፣ ፈቃዱ 70 ላይ ጊዜው ያልቃል፣ ከዛ በየ3 ዓመቱ ይታደሳል፣ እድሳቱ በነጻ ነው፣ የመንዳት ፈተናም የለውም። ግን ሚያድሰው ሰው የጤናውን ሁኔታ በእውነት መናገር አለበት፣ ታርጋም ከ20 ሜትር ማንበብ መቻል አለበት (በመነጽርም ይሆናል)፣ ለማሳወቅ ግዴታ የሆነ በሽታ መደበቅ እስከ 1000 ፓውንድ ያስቀጣል፣ እኔን ከቅጣቱ በላይ ሚያሳስበኝ ግን አደጋው ነው፣ ግላኮማ የሚባለው የአይን በሽታ ለምሳሌ የጎን እይታን ቀስ እያለ ስለሚቀንስ ባለቤቱ ራሱ ላያውቀው ይችላል። አይን መመርመሩን አትተዉት።

እኔን አምናችሁ አባታችሁን ወይ እናታችሁን "በቃ ዕድሜዎ ደርሷል" ብላችሁ ቁልፍ የተቀበላችሁ ካላችሁ በጣም ይቅርታ፣ እባካችሁ ንገሯቸው፣ ጤናቸው ከፈቀደ አሁንም ማመልከት ይችላሉ። መንዳት ለለመደ ሰው ቤት መዋል ቀላል አይደለም። ራሳቸው ማቆም ከፈለጉ ደሞ ለመስሪያ ቤቱ አሳውቀው በፈቃዳቸው መመለስ ይችላሉ።