እርማት፦ የመንገድ ጫጫታ ስልክ አይሞላም

«ፒዞ ዲስክ (ሲጫኑት ወይም ሲንቀጠቀጥ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ስስ ክብ ሳህን) ጠርሙስ ላይ ለጥፉ፣ የመንገድ ድምፅ ስልክ ይሞላል፤ መልቲሜትሩም 3 ቮልት አሳይቷል» ለተባለው።

ቮልቱ እውነት ሊሆን ይችላል። ስህተቱ ቮልትን ከኃይል ማምታታቱ ነው። የመልቲሜትር ውስጣዊ ሬዚስታንስ (ከረንት የሚያግደው) ብዙውን ጊዜ 10 ሜጋ ኦም ስለሆነ ከዲስኩ ከረንት ስቦ አያውቅም ማለት ይቻላል። በዲስኩ ሁለት ሽቦዎች መካከል 47 ኪሎ ኦም ሪዚስተር አስገቡና እንደገና ለኩ፤ 0.1 ቮልት ኤሲ ካነበባችሁ ኃይሉ 0.2 ማይክሮዋት ነው። ተራ ቻርጀር 5 ዋት ይሰጣል።

ደግሞ ድምፅ ሲጮህ እንጂ ሲሰላ ብዙ አይደለም። ጆሮ የሚያደነቁር 100 ዴሲቤል በካሬ ሜትር 10 ሚሊዋት ብቻ ነው፤ 27 ሚሊሜትር ዲስክ ላይ የሚያርፈው 6 ማይክሮዋት አይሞላም። በ70 ዴሲቤል ሺህ ጊዜ ያንሳል።

ጠርሙሱ ከአፉ ሰፋ ካለ አካባቢ ድምፅ ይሰበስባል እንጂ ጉልበት አይፈጥርም፣ ያውም በአንድ ፍሪኩዌንሲ ዙሪያ ብቻ። ግማሽ ሊትር ጠርሙስ፣ አንገቱ 5 ሳንቲሜትር ረዝሞ 2 ሳንቲሜትር ቢሰፋ፣ 170 ኸርዝ ገደማ ላይ ያስተጋባል። ዲስኩ ግን በራሱ የሚንቀጠቀጠው 4 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ነው፤ አይገናኙም። ለሙከራ ያህል እንዲገናኙ ከፈለጋችሁ ፒዞውን በቀጭን የናስ ቅጠል ላይ ለጥፋችሁ፣ ጫፉ ላይ የብየዳ ሊድ ጠብታ እየጨመራችሁ ወደ 170 ኸርዝ አውርዱት። ኤሲውን ወደ ዲሲ የሚቀይረውን ማስተካከያም ትንሽ ቮልት ብቻ በሚበላው በሾትኪ ዳዮድ ሥሩ፤ የተራ ሲሊከን ብሪጅ 1 ቮልት አካባቢ ይበላል።

ዲስኩን በጣት ጠቅ ሲያደርጉት ኤልኢዲ ብልጭ ማለቷ? እሱ የጣት ጉልበት ነው።