ብዙ ገጽ የያዘ ሁሉ ጀግና አይደለም

በመጽሐፍ ውይይት ላይ «የዚህ ልብ ወለድ ጀግና ማን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ አብዛኛው ሰው ስሙ ደጋግሞ የሚነሳውን ይጠራል። እንዲህ ያለው መልስ የሚነግረን ዋናው ገጸ ባሕርይ ማን እንደሆነ ብቻ ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» እናንሳ። ታሪኩ የበዛብህ ነው፤ ከልጅነቱ እስከ ሞቱ እንከተለዋለን። ይሁንና በሕይወቱ ከገጠሙት ትልልቅ ነገሮች አብዛኞቹን የወሰኑለት ሌሎች ናቸው። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን ሰጡት፤ ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸውን እንዲያስተምር ቤታቸው አስገቡት፤ ፍቅሩ ሲታወቅበት ነፍሱን ለማዳን ሸሸ። አንጀታችንን ይበላዋል፣ ከንፈር እንመጥለታለን። ጀግንነት ፈልጉ ከተባልን ግን እኔ የምሄደው ወደ ፍቅረኛው፣ ወደ ፊታውራሪ ልጅ ወደ ሰብለ ወንጌል ነው። የመነኩሴ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ቤት ስትወጣ፣ ብትቀር ክብሯና ርስቷ እንደሚቆዩላት፣ ብትወጣ ሁለቱንም እንደምታጣ ታውቃለች። ጉዱ ካሳም እንደዚያው ነው። የመኳንንት ዘመድ ሆኖ ሥርዓታቸውን ፊት ለፊት ይነቅፋል። ዝም ቢል ተከብሮ ይኖር ነበር፤ ስለተናገረ እንደ እብድ ተቆጠረ።

ገጸ ባሕርይ ጀግና የሚሆነው ሦስት ነገሮች አንድ ትዕይንት ላይ ሲገናኙ ነው፦ የሚያጣው ነገር ሲኖረው፣ ማምለጫው ክፍት ሲሆን፣ የሚከፍለውንም ዋጋ አስቀድሞ ሲያውቅ። ጉልበት፣ ድልና መልካም ጠባይ ከሦስቱ ውስጥ የሉም። ቢጨመሩ አይጎዱም፤ ብቻቸውን ግን ምንም አይሠሩም።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ግሪኮች የትሮይን ከተማ ከበው ስለተዋጉበት ጦርነት የሚተርከው ጥንታዊው የግሪክ ግጥም፣ የሆሜር «ኢሊያድ»፣ 24 ክፍሎች አሉት። በ6ኛው ክፍል የትሮዩ ሄክቶር ከጦር ሜዳ ወደ ከተማው ብቅ ይላል። ሚስቱ አንድሮማኬ በሩ አጠገብ ታገኘዋለች፤ ሕፃን ልጃቸው በሞግዚቷ ታቅፏል። ልጁ የአባቱን የራስ ቁርና በላዩ የሚወዛወዘውን የፈረስ ጋማ አይቶ በድንጋጤ ያለቅሳል። አባትና እናት ይስቃሉ። ሄክቶር ቁሩን አውልቆ መሬት ላይ ያስቀምጠውና ልጁን ይስመዋል። አንድሮማኬ ከቅጥሩ እንዳይወጣ ለምናዋለች፤ እሱም ከተማይቱ አንድ ቀን እንደምትወድቅ እንደሚያውቅ ነግሯታል። እያወቀ ይወጣል።

የግጥሚያው ቀን የሚመጣው በ22ኛው ክፍል ነው። የትሮይ ጦር ሸሽቶ ቅጥር ውስጥ ገብቷል፤ ሄክቶር ብቻውን ከበሩ ውጭ ቀርቷል። አባትና እናቱ ከግንቡ ላይ ሆነው እንዲገባ ይማጸኑታል። አይገባም። ከዚያ የግሪኮቹ ኃያል ተዋጊ አኪሌስ ሲቀርብ ምን ያደርጋል? ይሮጣል። አዎ፣ ከተማይቱን ሦስት ጊዜ እስኪዞር ድረስ ይሸሻል። በመጨረሻ ቆሞ የሚገጥመው ወንድሙ ሊያግዘው የመጣ መስሎት ነው። ጦሩን ወርውሮ ሌላ እንዲያቀብለው ዞር ሲል ወንድሙ የለም፤ አማልክት አታለውታል። አሁን መሞቱን አወቀ። ሰይፉን መዝዞ ወደ አኪሌስ ሮጠ።

ችኩል ደራሲ ያንን ሽሽት «ጀግናዬን ያዋርድብኛል» ብሎ ይሰርዘው ነበር። ሽሽቱ ከወጣ ግን ሰይፍ መምዘዙ ባዶ ፉከራ ይሆናል፤ ሞትን የማይፈራ ሰው ሞትን መጋፈጡ ምን ይገርማል? የሚያጣው ነገር የተቀመጠበት ቦታም ልብ ይባል። ሕፃኑን ያየነው በ6ኛው ክፍል ነው፤ በ22ኛው ሄክቶር ሲቆም ደራሲው ልጁን ማስታወስ አያስፈልገውም፣ አንባቢው ተሸክሞት መጥቷል። ብዙ ጀማሪ ጽሑፎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። ሚስትና ልጅ የሚታወሱት በውጊያው መካከል፣ በአንድ አንቀጽ ትዝታ ነው። ዋጋው ከመከፈሉ በፊት፣ ውጊያ በሌለበት ሰዓት፣ በተግባር መታየት አለበት።

ማምለጫውን የማሳየት ጥበብ ደግሞ ከጥንቱ ግሪካዊ ጸሐፌ ተውኔት ከሶፎክለስ፣ «አንቲጎኒ» ከተባለው ተውኔቱ ይገኛል። አንቲጎኒ ንጉሥ ክሬዮን እንዳይቀበር ያዘዘውን ወንድሟን ልትቀብር ስትነሳ፣ እህቷ ኢስሜኔ አልተባበርም ትላለች። ኢስሜኔም የሟቹ እህት ናት፤ ሐዘኑ የሁለቱም ነው፤ የምትሰጠውም ምክንያት ውኃ የሚያነሳ ነው፦ ሥልጣን ያለውን መቋቋም አንችልም። አንቲጎኒ ልትኖረው ትችል የነበረው ሕይወት በአካል ቆሞ ያነጋግራታል ማለት ነው። ደራሲው ኢስሜኔን ቂል ወይም ክፉ አድርጓት ቢሆን ኖሮ የአንቲጎኒ ውሳኔ በቀለለ ነበር። ስለዚህ ከጀግናው አጠገብ ሌላውን መንገድ የመረጠ አስተዋይ ሰው ማቆም ይጠቅማል፤ በተለይ ክርክሩን ግማሽ በግማሽ የሚያሸንፍ ሰው። የተቃዋሚው ገጸ ባሕርይ ጉዳይም ከዚህ አይርቅም። ጅል ጠላት ያሸነፈ ጀግና ምንም አላሸነፈም።

ጀግንነት ክንድ ይፈልጋል ለሚል ሰው መልሱ እዚያው «ኢሊያድ» ውስጥ አለ። ሽማግሌው ንጉሥ ፕሪያም የልጁን የሄክቶርን ሬሳ ለማስመለስ በሌሊት ወደ ጠላት ሰፈር ይሄዳል። አማልክት ቢያበረታቱትም ሚስቱ እንዳይሄድ ለምናዋለች፤ መቅረት ይችላል። ደርሶ አኪሌስ እግር ላይ ይወድቅና ልጆቹን የገደሉትን እጆች ይስማል። መሣሪያ የለውም፣ ማንንም አላሸነፈም። በእኔ ዐይን ከመጽሐፉ ውጊያዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል።

ረቂቅ ሲታረም መጀመሪያ የሚወጡት ቅጽሎች ናቸው። «ቆራጡ»፣ «ልበ ሙሉው»፣ «በአንበሳ ወኔ» የሚሉት ከተሰረዙ በኋላ ትዕይንቱ ይነበብ። ድርጊቱ ብቻውን ካልቆመ ተራኪው ለጀግናው ሲያጨበጭብለት ነበር ማለት ነው። ሌላው የተለመደ ስሕተት መከራን ከጀግንነት ማምታታት ነው። የታሰረ፣ የተደበደበ፣ የተራበ ገጸ ባሕርይ ሐዘናችንን ያገኛል። ጀግና የሚሆነው «ይህን ፈርምና ውጣ» ተብሎ ወረቀቱን የመለሰ ቀን ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ይጻፍ፤ ምን እንደሚል፣ ማን እንዳቀረበው፣ ስንት ሰዓት እንዲያስብበት እንደተሰጠው። የተከፈለውን ዋጋ በአጋጣሚ መመለስም አለ፤ ሁሉን አጥቶ የወሰነ ሰው ሁለት ምዕራፍ ሳይሞላ ያልታሰበ ውርስ ይደርሰዋል፣ ሞተች የተባለችው ፍቅረኛውም ትመጣለች። አንባቢው ያኔ የተታለለ ያህል ይሰማዋል፣ እውነቱን ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን በሞት መጨረስ ነው። ደራሲው ገጸ ባሕርይውን ከፍ የሚያደርግበት ሲያጣ ይገድለዋል፤ ቀብሩ ላይ ሁሉም ያለቅሳል፣ ስሙም ይወደሳል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ የሞቱን ምዕራፍ አውጥቶ የቀረውን ማንበብ። ሰውየው ሳይሞትም የመረጠው ምርጫ ከታየ ምዕራፉ ይመለስ። ካልታየ ሕመሙ መጨረሻው ላይ አይደለም፤ ታሪኩ መካከል ላይ አንድ ክፍት በር፣ በበሩም ግባ የሚለው አንድ ሰው ጎድሏል፤ መጻፍ ያለበት እሱ ነው።