ለችሎት ታዳሚያችን የቀረበ ውዳሴ

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በግልጽ ችሎት ይዳኝ ይላል፤ ችሎቱን ማን እንደሚያደምቀው ግን አልጻፈም። እኛ እንንገራችሁ፤ የባሕር ዳር ታዳሚ ነው።

ቀድሞ መግባት የሥራ ፈት ነውና የመጀመሪያው መዝገብ ከተጠራ በኋላ ይደርሳል። የአግዳሚው ጫፍ ባዶ ቢሆንም መሀሉን ይመርጣል፤ የሰው ጉልበት እየገፋ፣ እግር እየረገጠ፣ «ይቅርታ እታለም» እያለ። ኮፍያውንም አያወልቅም፤ የጣና ነፋስ እዚህም ይደርሳል መሰለኝ።

ስልኩ ሲጮህ ከጋቢው እጥፋት ውስጥ እስኪያገኘው መዝሙሩ አዝማቹ ላይ ይደርሳል። ሲያገኘውም አያጠፋውም፤ አፉን በመዳፉ ከልሎ «ችሎት ነኝ! ችሎት!» ይላል። ድምፅ በሚቀዳበት ችሎት ይህም ከምስክሩ ቃል ጋር አብሮ ይቀዳል።

ሙያው የሚታየው ግን ምስክር ሲሰማ ነው። ተራቸው ያልደረሰ ምስክሮች የአንዱን ቃል ሌላው እንዳይሰማ ውጭ ይቆያሉ። ታዳሚያችን አንጀቱ አይችልም። «ሽንት ቤት» ብሎ ይወጣና፣ ከዘጌ በጀልባ ተሻግሮ መጥቶ ግቢው ዛፍ ሥር ለተቀመጠው ሁለተኛ ምስክር፣ «አያ፣ የፊተኛው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ብሏል፤ ጃኬቱንም ጥቁር ነው ብሏል፤ እንዳትለያዩ!» ይለዋል። ምስክሩ ገብቶ ይምላል፤ ጃኬቱን ማንም ሳይጠይቀው ራሱ ያነሳል። የተከሳሽ ጠበቃ በመስቀለኛ ጥያቄ «በጨለማ ቀለሙን እንዴት ለየኸው?» ሲለው፣ ምስክሩ ዞሮ መካሪውን ይፈልጋል። መካሪው ጣሪያ ያያል። እውነቱን ያየ ምስክር እንዲህ ተደርጎ የማይታመን ይሆናል፤ ያውም በራሱ ወገን እጅ!

ለማይወጡትም ሥራ አለ፤ ከምስክሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ መልሱን በአንገት መንገር። ዳኛው ቀና እስኪሉ ድረስ ነው እንጂ፣ ያማረ ዘዴ ነው።

ዋስትና ሲፈቀድስ? «ነፃ ወጣ!» ብሎ ኮሪደሩን በእልልታ ያናውጠዋል። ክሱ እንዳለ ነው፤ ተከሳሹ ከውጭ ሆኖ ሊከራከር ተፈቀደለት እንጂ። ይሁን፣ ጠላው ተጠምቋል።

ይህ ትጋት ያለ ዋጋ አይቀርም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 449 ችሎት ለሚያውክ እስከ አንድ ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 3000 ብር መቀጮ አዘጋጅቶለታል። ፍርድ ቤቱም እዚያው፣ በዚያው ችሎት ሊወስን ይችላል። ባለጉዳዩ ተለዋጭ ቀጠሮውን ይዞ ሲወጣ፣ የዕለቱን ውሳኔ ያገኘው ታዳሚው ብቻ ነው።