«በርካታ ሰዎች» እስከመቼ?

ኧረ በቃ አሁንስ! ዛሬ ጣና ዳር ካፌ ቁጭ ብለን ቲቪው አሜሪካ የሆነ ከተማ ላይ የተፈጠረ ተኩስ ላይቭ ሲያሳይ ቆየ፣ ሰፈሩ በድሮን፣ ጎረቤቱ ሲያለቅስ፣ ባለሙያው ሲተነትን፣ ከዛ ከስር በምትሮጠው ጽሁፍ «በናይጄሪያ ታጣቂዎች በርካታ ሰዎችን ገደሉ» ብላ አለፈች። በርካታ ስንት ነው? ስም የላቸውም? እናት የላቸውም?

ግንቦት 2014 ቴክሳስ ዩቫልዴ 19 ህጻናትና 2 መምህራን ሲገደሉ የልጆቹን ፎቶ አንድ በአንድ እያየን አልቅሰናል፣ መታየትም ነበረባቸው። ወር ሳይሞላ ሰኔ 11 ወለጋ ቶሌ ላይ በመቶዎች የሚቆጠሩ አማሮች ተጨፈጨፉ። የስንቱን ህጻን ፎቶ አያችሁ?

በ2007 ፓሪስ ላይ 17 ሰው ሲገደል የሀገር መሪዎች ክንድ ለክንድ ተያይዘው አደባባይ ወጡ፣ ደግ አደረጉ። በዛው ዓመት ኬንያ ጋሪሳ ዩኒቨርሲቲ 148 ሰው ተገደለ፣ አብዛኞቹ ተማሪዎች። ለነሱ ማን ወጣ?

መራዊ እኮ እዚሁ አፍንጫችን ስር ናት! ጥር 20፣ 2016 ቢያንስ 45 ሲቪል እንደተገደለ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ራሱ አረጋግጧል፣ ኢንተርኔት ተዘግቶብን እኛ የባህር ዳር ሰዎች እንኳ በስልክ በሹክሹክታ ነው የሰማነው። ካሜራ የለ፣ ዳታ የለ፣ ጋዜጠኛ እንደልቡ አይገባ። ታዲያ ካሜራ ስላልነበረ አልሞቱም?

ደሞ የራሳችን ሚዲያዎች! የውጪውን ዜና ተርጉማችሁ ከምትደጋግሙብን የኛን ሟቾች ቤተሰብ ደውላችሁ አናግሩ፣ ስማቸውን ጥሩ፣ ዕድሜያቸውን ንገሩን።