«ሌላ ትወልጃለሽ» አትበሏት

ታናሽ እህቴ የምትኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለፈው ዓመት የስምንት ወር ልጇ ሆዷ ውስጥ ሞተችባት። ስም ወጥቶላታል። ስሟን እዚህ አልጽፈውም፤ የእናትና የአባቷ ነው።

ለቅሶ ሊደርሱ የመጡት ሰዎች የተናገሩት ነገር እስካሁን ይቆጠቁጠኛል። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም። የኛው ሰዎች ናቸው፤ ከሥራ ወጥተው፣ ልጅ አዝለው፣ በብርድ የመጡ። ግን እያንዳንዱ ገና ከመቀመጡ «አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ» ይላል። «እንኳን አንቺ ተረፍሽ» ይላል። አንዷማ «ሳታውቂያት መሄዷ ይሻላል» አለቻት።

ሳታውቂያት? ሌሊት ሌሊት ስትራገጥ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ ስታዋራት የከረመችው ማን ሆነና ነው? ዘፈን ሲከፈት እንደምትነቃ፣ እናቷ በግራ ጎኗ ስትተኛ እንደምትረጋጋ እህቴ ታውቃለች። እናቱ የሞተችበትን ሰው «ሌላ እናት ታገኛለህ» የሚል አለ? ታዲያ ለዚች ልጅ ሲሆን ለምን አፋችን ላይ ቀለለ?

ሆስፒታል ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅቷ ከተወለደች በኋላ ነርሷ መጣችና በመጀመሪያ የጠየቀችው «ስሟ ማን ነው?» ብላ ነው። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ በስሟ ነው የጠራቻት። አጠበቻት። ትንሽ ኮፍያ አደረገችላት። የእግሯን መዳፍ ቀለም ነክታ ወረቀት ላይ አሳረፈችው። ከሥሩ የሚያቀዘቅዝ ትንሽ አልጋ አምጥታ «እስከፈለጋችሁ ድረስ ከእናንተ ጋር ትቆይ» አለች። ወረቀቱን፣ ኮፍያዋንና ብርድ ልብሷን በሳጥን አድርጋ ለእህቴ ሰጠቻት።

እኔ ደነገጥኩ። እኛ ዘንድ እናትየዋ እንዳታይ፣ እንዳይቆርጣት ተብሎ ቶሎ ነው የሚወሰደው። ነርሷን በጆሮዋ «እባክሽ ውሰጂያት፣ እህቴ አትችለውም» አልኳት። እህቴ ሰማችኝ። «ተይ» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ አቅፋት አደረች። ያን ሌሊት ብወስድባት ኖሮ ምን ይቀራት ነበር እያልኩ ዛሬ አስባለሁ፤ ልወስድባት ምንም አልቀረኝም ነበር።

ነርሷ ሌላም ነገር ነግራታለች። «በሁለት በሦስት ቀን ወተትሽ ይመጣል፤ እንዳትደነግጪ፣ ጡትሽን ደግፎ የሚይዝ ልብስ ልበሺ፣ በረዶ አድርጊበት» ብላታለች። እውነትም በሦስተኛው ቀን መጣ። በሰልስቱ። ሳሎኑ በሰው ሞልቶ ነበር። ሸሚዟ ርሶ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። ከውጭ ሆና አንዲት ሴት በሩን እያንኳኳች «በቃ አታልቅሺ፣ በርቺ እንጂ» ትላታለች። ምን ላይ ትበርታ?

ደግሞ ሹክሹክታው አለ። «ሾተላይ ይሆን?» «ዕቃ ከባድ አንስታ ነው።» «እጇን ወደ ላይ ሰቅላ ነው።» እህቴ ሁሉንም ትሰማለች፤ ሌሊት ላይ ራሷን የምትከስበት ነገር ታደርገዋለች። ሾተላይ የምንለው አብዛኛውን ጊዜ የእናትና የልጅ ደም አለመስማማት ነው። የእናት ደም አር ኤች ኔጋቲቭ ከሆነ በ28ኛው ሳምንት አካባቢ መከላከያ መርፌ ትወጋለች። የእህቴ ደም ፖዘቲቭ ነው። ሐኪሟም ያደረገችው ጥፋት እንደሌለ ነግሯታል። እዚህ አሜሪካ በየዓመቱ ወደ 21 ሺህ የሚጠጉ ልጆች ሞተው ይወለዳሉ፤ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ተፈልጎ አይገኝም። «ጥፋትሽ አይደለም» የሚለው አንድ ቃል ከየትኛውም ምክር ይበልጥባት ነበር።

ፈረንጆቹ ስለዚህ ነገር መናገር ለምደዋል። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ በፕሬዚዳንት ሬገን አዋጅ ኦክቶበር የነዚህ ልጆች መታሰቢያ ወር ነው። ኦክቶበር 15 ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ሻማ ያበራሉ። እኛ ዘንድ ክርስትና ላልተነሳ ልጅ ድንኳን አይተከልም፣ የእድር ጥሩምባ አይነፋም። እናቶቻችን ዋጥ አድርገው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። «ሌላ ትወልጃለሽ» የሚለውን ለኛ ያወረሱን ለነሱም የተባለው እሱ ብቻ ስለሆነ ይመስለኛል።

ግን ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ነው። ነርሷ ቤት አልመጣችም። የእህቴ የመሥሪያ ቤት ጓደኞች አበባና ካርድ ላኩ፤ በር ያንኳኳ አንድም የለም። አጥሚት ይዘው የመጡት፣ ፍሪጁን በወጥ የሞሉት የኛዎቹ ናቸው። አንዷ የሌሊት ፈረቃ ጨርሳ፣ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር መጥታ ሰሃን አጥባ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብላ ሄዳለች። አንድም የምክር ቃል አልተነፈሰችም። እህቴ እስካሁን የምታነሳት እሷን ነው።

ከዚያ ሁሉም ተበተነ። ሥራ ነው፣ ኪራይ ነው፣ ማን ይፈርዳል።

አንድ ቅዳሜ በሩ ተንኳኳ። ቤተክርስቲያን የምናውቃቸው አንዲት እናት ናቸው። ድፎ ዳቦ ይዘዋል።

«ዛሬ ሰማንያዋ ነው አይደል? ቆጥሬ ነው የመጣሁት» አሉ።

ብትኖር ክርስትና የምትነሳበት ቀን ነበር። እህቴም ቆጥራለች፤ ለማንም ግን አልተናገረችም።

ተቀመጡና «ልጄ፣ ማንን ነበር የምትመስለው?» አሏት።

ከእኛ ወገን ይህን የጠየቀ እሳቸው የመጀመሪያው ናቸው። እህቴ ሳጥኑን አመጣች። አፍንጫዋ የአባቷ ነበር አለች። ጸጉሯ ብዙ ነበር አለች። ሳታቋርጥ አወራች። እሳቸው ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አድርገው የእግሯን ምልክት በጣታቸው ይዳስሳሉ።

«የኔ ወንድ ነበር» አሉ ቆይተው። «ደብረ ብርሃን ነው። ፊቱን አላሳዩኝም።»

«ስም አውጥተውለት ነበር እማማ?»

«በልቤ።»

ስሙን ነገሯት። ለባላቸው እንኳን ነግረው አያውቁም። እህቴ ስሙን ቀስ ብላ ደግማ ጠራችው።