ድንጋይ ያልቆመላቸው

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ፀሐዩ በረድ ሲል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ይዘን ተቀምጠናል። ወሬው የድሬዳዋ የድሮ መቃብሮች ላይ ወደቀ።

ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ጀመረ። «አቦ፣ እኛ ቤት መሥሪያ አጥተናል። ጠያቂ ዘመድ የሌለው የፈረንጅ መቃብር ይሄን ሁሉ ቦታ ለምን ይይዛል?»

የምድር ባቡር ጡረተኛው ብርጭቆውን አስቀመጠ። «ስማ አንተ ልጅ። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር ሊገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ፣ ወጪው በዛ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ እዚህ ሜዳ ደረሰ፣ ከተማ ሆነ። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የሚሏት። ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዓረቡም፣ ሕንዱም ያንን ባቡር ተከትሎ መጣ። እዚሁ የቀረውም ብዙ ነው። እንዴት ዘመድ የለውም ትላለህ?»

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለሞተ ሰው አፈሩና ዱዓው ይበቃዋል። መቃብር ላይ ድንጋይ መከመር ደግ አይደለም።»

«ታዲያ ሐጂ፣ ሐረር ጀጎል ውስጥ የድሮው ገዢ የአሚር ኑር መቃብር እስከ ዛሬ ይዘየር የለም እንዴ?» አላቸው ጡረተኛው።

«እሳቸውማ ሌላ ናቸው!» አሉ፣ ቆጣ ብለው።

እኔ ዝም አልኩ። ትዝ ያለኝ የእንግሊዝ ጦር ሟቾች ያረፉበት መቃብር ነው። በእንግሊዝ ጦር ሥር የተሰለፉ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች መጋቢት 20 ቀን 1933 ዓ.ም. ድሬዳዋን ከጣሊያን አስለቀቁ። የዚያ ጦርነት ሟቾች መቃብር ዛሬም የሚንከባከበው ኮሚሽን አለው፤ ስማቸው በመዝገብ ሰፍሯል። ሌላ ቦታ ደግሞ አንድ ያዘመመ ድንጋይ አይቻለሁ። አቧራውን በመዳፌ ብጠርገው ከስሙ የተረፉት ሦስት ፊደላት ብቻ ናቸው።

ለእኔ ጡረተኛው ልክ ነው፤ ግን ድንጋይ ላገኙት ብቻ ነው የተከራከረው። ሐዲዱን በትከሻው የተሸከመው የቀን ሠራተኛስ? በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ የሄዱትስ? መሬቱ ለቤት መሥሪያ ከመለካቱ በፊት እያንዳንዱ ድንጋይ ፎቶ ይነሳ፣ ስሙ ይነበብ። ድንጋይ ያልቆመለት ደግሞ ከሽማግሌ አፍ ይጻፍ። ሐጂን ይሄ አያስከፋቸውም፤ ደብተር ላይ ስም ማስፈር መቃብር ላይ ድንጋይ መከመር አይደለም።

ይህንኑ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና «አያቴም ሐዲድ ተሸክመዋል» አሉ። ለሚቀጥለው ቅዳሜ ደብተር ገዝቻለሁ።